ሞተሩ ከመጠምጠሙ በፊት

የወፍጮ ቤት ሞተር ሲቃጠል ሽታው ከጭሱ ይቀድማል። ወፍጮው ይቆማል፤ ጤፍና በርበሬ ይዘው የተሰለፉት እናቶች ኬሻቸውን አሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ያቀናሉ። ባለቤቱ ሞተሩን አስፈትቶ በጋሪ ወይም በባጃጅ ወደ ጠምጣሚ ይልካል። ጠምጣሚው የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጦ ያወጣል፣ በአዲስ ይጠመጥማል፣ ቫርኒሽ አጠጥቶ ይመልሳል። ባለቤቱም ከፍሎ ያስገጥምና ሥራ ይጀምራል። ወራት ሳይቆይ ያው ሞተር እንደገና ሲቃጠል ወቀሳው ይጀምራል፤ «ጠምጣሚው አበላሸብኝ»፣ «መብራቱ ነው የጎዳኝ»፣ «ዕቃው ድሮም ርካሽ ነው»።

ከሦስቱ አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ማንም አለማየቱ ነው። ሞተሩ በምን ምክንያት እንደተቃጠለ የሚመሰክረው አሮጌው ሽቦ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተቆርጦ ለቁራሌ ተሽጧል። ስለዚህ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ለጠምጣሚው ሊሰጠው የሚገባው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሳላየው እንዳትቆርጠው» የሚል ነው። ሽቦው ከመቆረጡ በፊት በስልክ ሁለት ሦስት ፎቶ ማንሳት ምንም አያስወጣም፤ የሚያድነው ግን ሙሉ የጥገና ዋጋ ነው።

ይህን የምጽፈው ሱሉልታን እያሰብኩ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የመረጥኳትም ያለ ምክንያት አይደለም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለች ከተማ ናት። ወፍጮ ቤቱ፣ የእንጨትና የብረት ሥራው፣ ውሃ አሻጊው፣ የወተት ላም አርቢው፣ የጉድጓድ ፓምፑ፣ ሁሉም በሞተር ነው የሚተዳደረው። ከበለስ የኃይል ማመንጫ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው የ400 ኪሎቮልት መስመርም የሚያርፈው ሱሉልታ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። ይሁንና ትልቁ መስመር በአጠገብ ማለፉ ለወፍጮ ቤቱ ዋስትና አይሆነውም። ከጣቢያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ቆጣሪ ድረስ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ፊውዝ፣ ስንት የላላ ማሰሪያ አለ፤ ብዙ ጉዳት ከዚያ ይመጣል።

ከ12ቱ ስንቱ ጠቆረ?

ሞተሩ ሲከፈት ግራና ቀኝ ያሉት ክዳኖቹ ይወልቃሉ፣ የሚሽከረከረው ክፍል ማለትም ሮተሩ ይወጣል፤ የመዳብ ጥቅሎቹ የታጨቁበት ቋሚው ክፍል፣ ስታተሩ፣ ብቻውን ይቀራል። ወፍጮ ላይ በብዛት የሚገኘው በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ የሚዞር ባለ 4 ፖል፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። በተለመደው አጠማጠም የዚህ ሞተር ሽቦ በ12 ቡድን ተከፍሎ ዙሪያውን ይደረደራል፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ 4 ቡድን ይደርሰዋል። ስታተሩን ወደ ብርሃን ወስዶ ከ12ቱ ስንቱ እንደጠቆረ መቁጠር ነው። ለዚህ የኤሌክትሪክ ትምህርት አያስፈልግም።

4ቱ ከስለው 8ቱ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁ ከሆነ ሞተሩ በዴልታ፣ ማለትም የሦስቱ ፌዝ ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ እንደ ቀለበት ተያይዘው፣ ታስሮ ሲሠራ አንድ ፌዝ ጠፍቶበታል። በተገላቢጦሽ 8ቱ ከስለው 4ቱ ደህና ከሆኑ አሁንም ፌዝ ጠፍቷል፤ ሞተሩ ግን በስታር፣ ማለትም የሦስቱ ጥቅሎች አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ፣ የታሰረ ነው። 12ቱም እኩል ከጠቆሩ ፌዝ አልጠፋም፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል፣ ወይም መዞር አቅቶት ተይዟል፣ ወይም ማቀዝቀዣው ተደፍኗል፣ ወይም ቮልቴጁ በሦስቱም ላይ ወርዷል። የአንዱ ፌዝ ጥቅሎች በጣም ጠቁረው የሌሎቹ ደግሞ ቡኒ ከሆኑ ሦስቱ ፌዞች እኩል አልነበሩም ማለት ነው። መዳቡ ሁሉ ንጹህ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ፈንድቶ ከቀለጠ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሽቦው ልባስ እዚያች ቦታ ላይ ተጎድቷል። የጎዳው እርጥበት፣ የሰረገ ዱቄት፣ የመብረቅ ምት፣ በጥምጠማ ጊዜ የደረሰ ጭረት ወይም ስታተሩን የፋቀ ሮተር ሊሆን ይችላል።

የፌዝ መጥፋትን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ብዙ ሞተር የሚበላው እሱ ነውና። የትራንስፎርመሩ አንድ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ወይም የመስመሩ አንድ ሽቦ ይላላል፣ ወይም በወፍጮ ቤቱ የኤሌክትሪክ ቦርድ ውስጥ ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ኮንታክተር ሦስት መንከሻዎች አንዱ ተበልቶ አልነካ ይላል። ሞተሩ ቆሞ ከሆነ ያጓራል እንጂ አይነሳም፤ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እየዞረ ሳለ ከጠፋ ግን መዞሩን ይቀጥላል። ድምፁ ትንሽ ይለወጣል፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ ወፍጮው ሲጮህ በዋለበት ቤት ውስጥ ይህን ልብ የሚል የለም። ያው ጭነት በሁለት መስመር ብቻ ስለሚጎተት በቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚያልፈው አምፔር 1.73 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሞተሩ በዴልታ ከታሰረ ይህ አምፔር ውስጥ ገብቶ እኩል አይከፋፈልም፤ የአንዱ ፌዝ ጥቅል እጥፍ ሲሸከም ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ወትሯቸው ይቆያሉ። ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ እጥፍ አምፔር አራት እጥፍ ሙቀት ነው። 4ቱ ከስለው 8ቱ የሚድኑት በዚህ ምክንያት ነው።

«ኦቨርሎድ ነበረው እኮ፣ ለምን አልቆረጠም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ኦቨርሎድ አምፔር ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን የሚያጠፋው መሣሪያ ነውና። ወፍጮው በዚያች ሰዓት በሙሉ አቅሙ ሳይሆን በ60 በመቶ ብቻ እየሠራ ከነበረ፣ 60 በ1.73 ሲባዛ 104 ያህል ይሆናል። ለኦቨርሎዱ ይህ ሙሉ ጭነት እንጂ አደጋ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ጥቅል ግን ከልኩ 20 በመቶ በላይ ተሸክሞ ይነድዳል። ስለዚህ የፌዝ መጥፋትን ለይቶ የሚቆርጥ ኦቨርሎድ ወይም ራሱን የቻለ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ማስገጠም ያስፈልጋል። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። እየዞረ ያለ ሞተር በጠፋው ፌዝ ላይ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ ባለሙያው በቴስተር ሲለካ ሦስቱም ያሉ ሊመስሉት ይችላሉ። እውነቱን የሚያወጣው በክላምፕ ሜትር የሦስቱን ሽቦ አምፔር መለካት ነው፤ አንዱ ዜሮ ካለ ነገሩ አለቀ። ሜትር በሌለበት ጎረቤትን ማየትም ይረዳል። የአንዳንዱ ቤት አምፖል ደብዝዞ የሌላው ደህና ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ሦስቱ ፌዞች ሳይጠፉ እኩል አለመሆናቸው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር ነው። አዲስ ቤቶች ሲሠሩ፣ ምጣድና ማሞቂያ ሲበዛ፣ ጭነቱ በአንዱ ፌዝ ላይ ይከመራል። በሦስቱ መካከል 380፣ 375 እና 355 ቮልት ተለካ እንበል። አማካዩ 370 ነው፤ ከአማካዩ በጣም የራቀው 355 ሲሆን ልዩነቱ 15 ነው። 15 ለ370 ሲካፈል 4 በመቶ ይመጣል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ግምት ግን የሙቀት ጭማሪው መቶኛ የዚህ ቁጥር ካሬ እጥፍ ነው፤ 4 በ4 ተባዝቶ እጥፉ 32 በመቶ። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ በልኩ 80 ዲግሪ ይጨምር የነበረ ጥቅል አሁን ከ105 በላይ ይጨምራል። የሽቦ ልባስ ደግሞ ከተፈቀደለት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ተብሎ ይሰላል። ለአሥር ዓመት የታሰበ ሞተር ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚያልቀው እንዲህ ነው። ልዩነቱ 2 በመቶ ካለፈ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢው ቅርንጫፍ አመልክቶ መስመሩን ማስተካከል፣ እስከዚያው ጭነት መቀነስ ይሻላል። 5 በመቶ ከደረሰ ሞተሩን አለማስነሳት ነው።

ቀዝቃዛ አገር፣ ሙቅ ቤት

የሱሉልታ ሰው «እኛ ዘንድ ብርድ ስለሆነ ሞተር አይሞቅም» ቢል አይፈረድበትም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ግን ሞተርን የሚያቀዘቅዘው የአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ ብዛቱም ጭምር ነው፤ አየሩ ደግሞ በዚህ ከፍታ ሳስቷል። አምራቾች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 60034-1፣ ሞተር ታርጋው ላይ የተጻፈውን ጉልበት የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት መሆኑን ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ፣ ለሞተሩ ከተፈቀደው የሙቀት ጭማሪ 1 በመቶ ያህል አካባቢው መቀዝቀዝ አለበት። ለ2,700 ሜትር ሲሰላ፣ የልባሱ ደረጃ ኤፍ የሆነና እስከ መጨረሻው የሚጫን ሞተር ዙሪያው ከ22 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

ደጅ ላይ ይህ አያስቸግርም፤ ሱሉልታ አብዛኛውን ቀን ከዚያ በታች ናት። ወፍጮ ቤቱ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሲፈጭ የሚግል ድንጋይና የተዘጋ መስኮት ነው። ከቀትር በኋላ እዚያ ውስጥ 22 ዲግሪ አይገኝም። በዚያ ላይ ዱቄቱ አለ። የጤፍ ዱቄት በሞተሩ አካል ላይ ባሉት የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ገብቶ ይጋገራል፣ ከኋላ ያለውን የፋን ክዳን ቀዳዳ ይደፍናል። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ወፍጮው ከማለዳ እስከ ማታ ሳያርፍ ሲሠራ፣ ሙቀትና ጭነት አንድ ላይ ይመጣሉ። በየሳምንቱ ሞተሩን አጥፍቶ ክንፎቹን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ የፋኑ ክዳን ከግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ማራቅ፣ ከፍ ያለ መስኮት መክፈት፤ አንዱም ገንዘብ አያስወጣም። ሞተር ሲገዛም ለወፍጮው ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መምረጥ በዚህ ከፍታ ብክነት አይደለም።

12ቱም ጠቁረው ሲገኙ ሌላው ተጠርጣሪ ቦርዱ ነው። የኦቨርሎዱ ማስተካከያ ከታርጋው አምፔር ጋር መመሳሰል አለበት። ለምሳሌ ባለ 15 ኪሎዋት፣ ማለትም ባለ 20 ፈረስ ጉልበት ሞተር በ380 ቮልት 30 አምፔር ገደማ ይስባል። በስታር ዴልታ የሚነሳ ከሆነና ኦቨርሎዱ ከዋናው ኮንታክተር በታች የጥቅሎቹን አምፔር ብቻ በሚያይበት ቦታ ከተገጠመ ግን መስተካከል ያለበት በ58 በመቶው፣ ማለትም በ17 አምፔር ተኩል ገደማ ነው። 30 ላይ ከተቀመጠ ሞተሩ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ኦቨርሎዱ ቶሎ ቶሎ ሲቆርጥ «አስቸገረ» ተብሎ ዳይሬክት መደረጉ፣ ማለትም እሱ ታልፎ ሞተሩ በቀጥታ መያያዙ ነው። ኦቨርሎድ የሚቆርጠው አንድ ነገር ስላየ ነው፤ መፈለግ ያለበት ያ ነገር ነው።

ክረምት የራሱ አመል አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ያቁራል፤ መብራት ሄዶ ሞተሩ ሁለት ሦስት ቀን ቆሞ ሲያድር፣ ሞቆ የነበረው አካል ቀዝቅዞ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። መብራት ሲመጣ ወዲያው ከተነሳ፣ በእርጥብ ዱቄት የተሸፈነው ጥቅል አንድ ቦታ ላይ ይፈነዳል። ረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ ከመስመር ለይቶ በ500 ቮልት ሜገር ልባሱን ይለካ። ከ5 ሜጋኦም በታች ከሆነ አይነሳም፤ ክዳኑ ተከፍቶ በፀሐይ ወይም በአጠገቡ በተቀመጠ አምፖል ሙቀት ቀስ ብሎ ይድረቅና እንደገና ይለካ።

ከመዳቡ ርቆ ያለ ምክንያት

እስካሁን ስለ ሽቦ አወራን እንጂ ትልቁ ጥፋት የሚጀምረው ከኩሽኔታ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው የትልልቅ ሞተሮች ጥናት ከብልሽቶቹ 40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከኩሽኔታ የመነጩ ነበሩ፤ ሽቦ ሁለተኛ ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ባለሙያ የካቻቪቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ይታያል። መልካም ልማድ ነው፤ ደህና ኩሽኔታ ሳያቋርጥ ሽሽ ይላል፣ የተጎዳ ይንኮሻኮሻል። የወለቀ ኩሽኔታም መጣል የለበትም። ተቆርጦ ሲከፈት የኳሶቹ መንገድ ይታያል። ሰማያዊ ወይም ቡኒ ከሆነ ነድዷል፤ ግሪስ አልቆበታል፣ አለዚያም ግሪስ በዝቶበት ታፍኗል። ዝጎ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ግሪሱ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ሊጥ ከሆነ መከለያው አልያዘም። የውጭው ቀለበት አንድ ጎኑ ብቻ በጥልቀት ተበልቶ ከሆነ አንድ ነገር በአንድ አቅጣጫ ሲጎትተው ኖሯል፤ ያ ቺንጋ ነው። ሞተርን በኢንቨርተር የሚያዞሩ ፋብሪካዎች ደግሞ በቀለበቱ ላይ እኩል እኩል የተሰመሩ ጥቃቅን መስመሮች ካገኙ ኤሌክትሪክ በኩሽኔታው በኩል እያለፈ ስለሆነ የመሬት ሽቦውን ያስመርምሩ።

በአገራችን ፋብሪካዎች የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ የመጠየቅ ዘዴ ሲሰጥ ቆይቷል። ለወፍጮ ሞተር እንዲህ ይሠራል። ስታተሩ አንድ ቦታ ፈንድቷል፤ ለምን? ሮተሩ ስታተሩን ስለፋቀው፤ ብረቱ ላይ የተፋቀው ቦታ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ለምን ፋቀው? በፑሌጃው በኩል ያለው ኩሽኔታ ስላለቀ። ለምን አለቀ? ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ስለኖረ። ለምን ተወጠረ? እየተንሸራተተ ስላስቸገረ። ለምን ተንሸራተተ? የፑሌጃው ቦይ ተበልቶ ቺንጋው በጎኑ ሳይሆን በታችኛው ፊቱ ስለተቀመጠ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ተገኘ፤ አዲስ ፑሌጃ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ቢጠመጠም ያንን ቦይ አይሞላውም። ጠምጣሚው በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋት የለበትም፤ ሞተሩ ብቻውን ተፈትቶ ስለሚመጣለት ፑሌጃውንና ቺንጋውን የሚያይበት ዕድልም የለውም። ለዚህ ነው ሞተር ሲላክ ፑሌጃውን፣ ቺንጋውን፣ የቦርዱን ፎቶ አብሮ መላክ የሚጠቅመው።

ጠምጣሚው ራሱ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜም አለ። አሮጌውን ጥቅል ለማላላት ስታተሩን እሳት ላይ መጣል የተለመደ ነው፤ የብረቱ ስስ ንጣፎች እርስ በርስ የተለያዩበት ልባስ በዚያ እሳት ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ ሽቦ እንከን ባይኖረውም ብረቱ ራሱ ይሞቃል። የዙሩ ቁጥር ከቀነሰ ሞተሩ ያለ ጭነት እንኳ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ሽቦው ከቀጠነ ደግሞ ጭነት ሲገባ ከልክ በላይ ይሞቃል። ጥሩ ጠምጣሚ ከመቁረጡ በፊት ዙሩን ይቆጥራል፣ ሽቦውን በማይክሮሜትር ይለካል፣ ይመዘግባል፤ «ስንት ዙር ነው? ስንት ሚሊ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም ሳያመነታ ይመልሳል።

የጉድጓድ ፓምፕ ሞተርም በአብዛኛው በእነዚሁ ምክንያቶች ይቃጠላል፤ ዋናው ልዩነቱ ማቀዝቀዣው በዙሪያው የሚያልፈው ውሃ መሆኑ ነው። በበጋ የጉድጓዱ ውሃ ሲወርድ ፓምፑ ባዶ ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ይጎዳል። ውሃ ሲጎድል የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ሳይገጠም ፓምፕ ወደ ጉድጓድ መውረድ የለበትም።

የተጠመጠመው ሞተር ተመልሶ ሲገጠም የመጀመሪያው ሰዓት ዋጋ አለው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሦስቱን ቮልት ይለካ፣ ወፍጮው ባዶ ሲዞርና እህል ሲገባበት የሦስቱን ሽቦ አምፔር ይለካ፣ ከታርጋው ጋር ያነጻጽር። ቁጥሮቹ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ተጽፈው በቦርዱ በር ውስጠኛ ፊት ላይ ይለጠፉ። በሦስት ወሩ እንደገና ይለካ። አንዱ ሽቦ ከሌሎቹ ርቆ ከተገኘ፣ ሦስቱም ሽቦዎች በሞተሩ በኩል ቅደም ተከተላቸው ሳይዛባ አንድ አንድ ደረጃ ይዛወሩ፤ እንዲህ ሲደረግ የዙሩ አቅጣጫ አይለወጥም። ከፍተኛው አምፔር ከሞተሩ መውጫ ሽቦ ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ በዚያው መስመር ላይ ከቀረ ግን ከቦርዱ እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው መንገድ ይፈተሽ።